ደንበኛው እንቢ ሲልህ
በቤት ብድር ሥራ ላይ ላሉ ቅዱሳንና ለደንበኞቻቸው

(በሬዲዮ ከተላለፈ ስብከት ለትራክት የተዘጋጀ)



በዚህ ፕሮግራም ብዙ ጊዜ ስለ ጸሎት፣ ስለ ትዳር፣ ስለ ልጆች አስተዳደግ ተነጋግረናል። ዛሬ የምነግርህ ግን መልስ ስለማይሰጥ ስልክ ነው። ደውለህ ደውለህ የማይነሣ፣ መልእክትህ ተነቦ መልስ የሌለው ስልክ። «አንተ» እያልኩ ብናገርም እኅቴ ሆይ፣ አንቺንም ማለቴ ነው፤ በዚህ ሥራ ላይ ያላችሁ እኅቶች ብዙ ናችሁ።

እዚህ በዋሽንግተን ዲሲ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ አካባቢ በየጉባኤያችን ቢያንስ አንድ ሎን ኦፊሰር አይጠፋም። አንዳንዱ ሙሉ ቀን ይሠራዋል፣ አንዳንዱ ከሌላ ሥራ መልስ ማታ ማታ። እሑድ ከአምልኮ በኋላ ኮሪደር ላይ «ቤት ለመግዛት አስበናል» ሲሉት ቢዝነስ ካርዱን ከኪሱ ያወጣል፤ ሥራው እንዲህ ይጀመራል። ታዲያ አንድ ወንድም ባለፈው እንዲህ አለኝ፦ «ሦስት ወር የሠራሁለት ሰው ጥሎኝ ሌላ ጋ ሄደ። ጌታ እራት ስንወስድ አጠገቤ ተቀመጠ፤ እጄ ተንቀጠቀጠ። ይቅር ብያለሁ እላለሁ፣ ግን ድምፁን ስሰማ ሆዴ ይቃጠላል።» ይህን ስብከት ያመጣው የዚህ ወንድም ቃል ነው። በዚህ ሥራ ላይ ያልሆንክም ብትሆን አንብበው፤ እንቢ ባዩ አንተ ልትሆን ትችላለህና።

መጀመሪያ ሥራውን ለማታውቁት ላስረዳ። በአሜሪካ በ2008 በወጣው ሕግ መሠረት የቤት ብድር የሚያዋውል ሰው ከባንክ ውጭ ባለ ድርጅት የሚሠራ ከሆነ ፈቃድ ሊኖረው ይገባል። 20 ሰዓት ይማራል፣ ፈተና ይወስዳል፣ ከዚያም በየዓመቱ 8 ሰዓት ትምህርት አለበት። ይህ ሁሉ ካለፈ በኋላ አብዛኛው የሚከፈለው በኮሚሽን ነው። ኮሚሽኑ የሚመጣው ደግሞ ክሎዚንግ ሲሆን ብቻ ነው። የሰውየውን የደመወዝ ወረቀት ሰብስበህ፣ የባንክ መግለጫውን ገጽ በገጽ አይተህ፣ ክሬዲቱን አስተካክለህ፣ ቅዳሜ ማታ ልጆችህ እራት ላይ ሳሉ ለሪልተሩ ደብዳቤ ጽፈህ፣ ሰውየው በመጨረሻው ሳምንት ሌላ ጋ ቢሄድ የሚከፈልህ ዜሮ ነው። ግማሽ የለም፣ ሩብ የለም። ስለዚህ «አይ» የሚለው ቃል ለዚህ ወንድም የወሩ የቤት ኪራይ ነው፣ የልጁ የትምህርት ቤት ክፍያ ነው። «ለምን ያን ያህል ይጎዳል?» ብለን አንፍረድበት።

ሌላም ነገር አለ። በጥር 2021 የ30 ዓመት ቋሚ ብድር አማካይ ወለድ 2.65 በመቶ ወርዶ ነበር። በጥቅምት 2023 ደግሞ 7.79 ደረሰ። በሦስት በመቶ የተበደረ ሰው በሰባት ሪፋይናንስ አያደርግም፤ ቤቱንም ሸጦ ሌላ ለመግዛት ያመነታል። የስልኩ ዝምታ ከዚህ ነው የመጣው። ይህን የምለው ለምን መሰለህ? ደንበኛ ሲጠፋባቸው «እርግማን አለብኝ፣ የጠላት ሥራ ነው» ብለው በጾም ብዛት የከሱ ወገኖችን ስለማውቅ ነው። ጾሙ መልካም ነው፤ ጹም። ግን ወለድ የወጣበትን ነገር ሁሉ ጋኔን አወጣው አትበል።

እስቲ አሁን ወደ ቃሉ እንሂድ። የሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 9ን ከቁጥር 51 ጀምረህ አንብበው። ጌታ ወደ ኢየሩሳሌም ለመሄድ ቆርጧል። ማደሪያ እንዲያዘጋጁለት ሰዎችን ወደ አንድ የሳምራውያን መንደር አስቀድሞ ላከ። መንደሩም አልቀበልም አለ። ያዕቆብና ዮሐንስ ይህን ሲያዩ ደማቸው ፈላ። ኤልያስ እንዳደረገው እሳት ከሰማይ ጠርተን እናቃጥላቸው ወይ ብለው ጠየቁ። ጌታ ግን ዞሮ የገሠጸው መንደሩን ሳይሆን እነርሱን ነው። ከዚያስ? መንገዳቸውን ቀጠሉ፤ ወደ ሌላ መንደር። በቃ። ሉቃስ በአጭሩ አልፎታል።

መንደሩ ለምን እንቢ እንዳለ ልብ በል። ፊቱ ወደ ኢየሩሳሌም ስለነበረ ነው ይላል ሉቃስ። በአይሁድና በሳምራውያን መካከል የቆየ ጠብ ነበር፤ የት መስገድ ይገባል የሚል፣ ከአባት ወደ ልጅ የወረደ ጠብ። እነዚያ መልእክተኞች ቋንቋቸው ስላላማረ ወይም አቀራረባቸው ስለከፋ አይደለም የተገፉት። እንቢታው እነርሱ ከመወለዳቸው በፊት የተጀመረ ነበር። አንተም የሚደርስብህ እንቢታ ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው። ሰውየው ከአሥር ዓመት በፊት ሌላ አበዳሪ አታሎት ይሆናል። ሚስቱ በ2008 ቤቱን ያጣ ወንድም አላት ይሆናል። አንተ በዚያ ቁስል ላይ ሳታውቅ እጅህን አሳርፈህ ነው የጮኸው።

ግን ወንድሜ፣ እኛ እሳት አንጠራም እንዴ? ዛሬ እሳቱ ከሰማይ ሳይሆን ከስልክ ነው የሚወርደው። «ያ ሰውዬ ወለዱን መጨረሻ ላይ ይጨምርብሃል» እንላለን፣ ሳናውቅ። «ሌላ ቦታ ካመለከትክ ክሬዲትህ ይወድቃል» እንላለን። ይሄኛው በተለይ ያሳፍራል፤ ምክንያቱም ሥራውን የምናውቅ ሰዎች እውነቱን እናውቃለን። አንድ ሰው በ45 ቀን ውስጥ ለቤት ብድር ብሎ በተለያዩ አበዳሪዎች ዘንድ ክሬዲቱን ቢያስፈትሽ፣ በውጤት አሰጣጡ ላይ የሚቆጠረው እንደ አንድ ፍተሻ ነው። የመንግሥት የሸማቾች ገንዘብ ጥበቃ ቢሮም ሰዎች አበዳሪዎችን እንዲያወዳድሩ ይመክራል። ይህን እያወቅን ደንበኛን ለማስቀረት ማስፈራራት ውሸት ነው። ስሙን «ሽያጭ» ብንለውም ውሸት ነው።

ከዚህ የባሰው እሳት ደግሞ በጸሎት መልክ የሚመጣው ነው። «ጌታ ሆይ፣ ፍረድልኝ» እያልን ክሎዚንጋቸው እንዲበላሽ በልባችን እንመኛለን። ይህን ከሌላ ሰው ሰምቼ አይደለም። ራሴ አድርጌዋለሁ፤ ልንገርህ።

ለአገልግሎት ሙሉ ጊዜዬን ከመስጠቴ በፊት እኔም ይህን ሥራ ሠርቻለሁ። ከኛው ጉባኤ የሆኑ ባልና ሚስት መጡልኝ። አራት ወር ሠራሁላቸው። ክሬዲት ሪፖርታቸው ላይ የሌላ ሰው ዕዳ ገብቶባቸው ነበር፤ አስነሣን። የትኛውን ካርድ አስቀድመው እንዲከፍሉ አሳየኋቸው። ሦስት ቤት ላይ ዋጋ አቅርበው ሦስቱም አመለጣቸው፤ በየጊዜው አዲስ የፕሪ-አፕሩቫል ደብዳቤ ጻፍኩ። አራተኛው ቤት ተቀባይነት ባገኘ ማግስት ስልካቸው ዝም አለ። አንድ ሳምንት፣ ሁለት ሳምንት። ሌላ ጋ እንደሄዱ ከሪልተሩ ሰማሁ። በዚያ ወር ሌላ ክሎዚንግ አልነበረኝም።

ከሁለት ወር በኋላ ሚስትየው ደወለችልኝ። «ወንድሜ፣ እሑድ ከአምልኮ በኋላ ቤታችንን እናስመርቃለን፤ አንተ ካልጸለይክልን አይሆንም» አለችኝ። እንግዲህ አስብ። ያጣሁትን ቤት ባርክ ተባልኩ!

ሄድኩ። ግን መኪናዬ ውስጥ ሃያ ደቂቃ ያህል ተቀመጥኩ። ከውጭ ሰው ሲገባ አያለሁ፤ የቡናው ሽታ መንገዱ ድረስ ይመጣል። ሰበብ ፈልጌ ልመለስ ነበር። ምን ያዘኝ መሰለህ? ያንን የሉቃስን ክፍል በዚያው ሳምንት በቤት ኅብረት ውስጥ አስተምሬ ነበር። አስተማሪው እኔ፣ እሳት ጠሪውም እኔ! ገባሁ። ድፎ ዳቦውን አምጥተው «ቁረስልን» አሉኝ፤ ቆረስኩ። አፌ ደርቆ ነበር፣ ጸሎቱም አጭር ነበር። ደስ ብሎኝ ጸለይኩ ብልህ እዋሻለሁ።

ስወጣ ባልየው ተከትሎኝ መኪናዬ ድረስ መጣ። መሬት መሬት እያየ፣ «ሌላው ሰውዬ በሩብ በመቶ ዝቅ አደረገልን። ለአንተ መንገሩን አፈርን፤ ደክመህልናል» አለኝ። ሩብ በመቶ ስንት ነው? 450,000 ዶላር በ30 ዓመት ከተበደርክ፣ ከ7 ወደ 6.75 ስትወርድ በወር 75 ዶላር ገደማ ነው። በዓመት 900 ዶላር። አንድ ዶላር እየቆጠረ ለሚኖር ቤተሰብ ይህ ቀልድ አይደለም። ቢነግረኝ ኖሮ ድርጅቴን ዝቅ አድርጉልኝ ብዬ እጠይቅ ነበር፤ ምናልባት ይፈቅዱ ነበር፣ ምናልባት አይፈቅዱም። እርሱ ግን በእኔ ላይ ክፋት አላደረገም። ይሉኝታ ነው አፉን የያዘው።

ክፋት ያደረግሁት እኔ ነኝ። በእነዚያ ሁለት ወራት ውስጥ ለሁለት ወገኖች «እነ እገሌ ቃል የላቸውም» ብዬ ነበር። ጸሎቱን ከጸለይኩ በኋላ የከበደኝ ወደ እነዚያ ሁለት ሰዎች ሄዶ «ያልኩት ትክክል አልነበረም» ማለቱ ነበር። አንደኛው ሳቀ፣ ነገሩን ረስቶታል። ሁለተኛው ግን አልረሳም። ባልየውን ከዚያን ጊዜ ጀምሮ በጥርጣሬ እንደሚያየው ነገረኝ። የእኔ እሳት አንድ ሰው አቃጥሎ ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። የአገሩ ሕግ ለደንበኛው እንቢ የማለት ነጻነት ሰጥቶታል። ማመልከቻ ከተቀበልክ በሦስት የሥራ ቀን ውስጥ ሎን ኤስቲሜት የሚባለውን ባለ ሦስት ገጽ ወረቀት ትሰጠዋለህ። ያ ወረቀት የተሠራው ከሌላ አበዳሪ ወረቀት ጋር ጎን ለጎን ተደርጎ እንዲታይ ነው። ቢፈርምበትም መቀበሉን ነው የሚያሳየው፣ ብድሩን ውሰድ ብሎ አያስገድደውም። የሚኖርበትን ቤት ከሌላ አበዳሪ ሪፋይናንስ የሚያደርግ ሰውማ ከፈረመ በኋላ እንኳ እስከ ሦስተኛው የሥራ ቀን እኩለ ሌሊት ድረስ ሐሳቡን መለወጥ ይችላል። የቄሣር ሕግ ለማያውቀው ሰው ይህን ያህል በር ከከፈተ፣ እኛ በአንድ ጌታ የተዋጀን ለወንድማችን በሩን እንዝጋበት? ያ ባለጠጋ ወጣት ከጌታ ፊት አዝኖ ሲሄድ ማርቆስ ምን ጻፈ? ኢየሱስ አይቶ እንደ ወደደው ጻፈ። ሮጦ እንደ ያዘው አልጻፈም።

እንግዲህ ወደ ሥራው ልመለስ፤ እንቢታ ሁሉ አንድ ዓይነት ስላልሆነ።

የዋጋ እንቢታ ቀላሉ ነው። ሰውየው ከሌላ ቦታ የተሻለ አግኝቻለሁ ካለህ፣ «ወረቀቱን አብረን እንየው?» በለው። ገጽ 2 ላይ ከላይ ያለውን የአበዳሪውን ክፍያ ተመልከት። አንዳንድ ጊዜ ወለዱ ዝቅ ያለው ሰውየው በነጥብ መልክ ብዙ ሺህ ዶላር አስቀድሞ ስለሚከፍል ነው፤ ያንን አሳየው። የተሻለ ሆኖ ካገኘኸው ግን «ይሄ ይሻልሃል፣ ውሰደው» በለው። ይህን ቃል ማውጣት ጥርስ እንደ መንቀል ነው፣ አውቃለሁ። ግን ሁለቱ ሚዛኖች በእጅህ ናቸው፣ እርሱ ደግሞ ማንበብ አይችልም። ምሳሌን የምታነብ ሰው እግዚአብሔር ስለ አባይ ሚዛን ምን እንደሚሰማው ታውቃለህ።

የፍርሃት እንቢታ ሌላ ነው። ሆቴል ጽዳት የምትሠራ አንዲት እናት ወረቀቱ ሁሉ አልፎላት፣ «ልጄ፣ ይቅርብኝ፤ ሌሊት እንቅልፍ አጣሁ» ብትልህ ተቃውሞ እንዴት እንደሚመለስ የተማርከውን እዚያው ተወው። ጌታ ግንብ ሊሠራ ያሰበ ሰው ተቀምጦ ወጪውን ያስላ ያለው በሉቃስ 14 ነው። እርሷ እያሰላች ነው። «እማማ፣ ልክ ነዎት፤ ሲረጋጉ እዚሁ ነኝ» በላት። የወር ክፍያው ከታክሱና ከኢንሹራንሱ ጋር ስንት እንደሆነ በአማርኛ ጻፍላትና ትተህላት ሂድ።

የሚከብደው ግን አንተ ራስህ እንቢ ባይ የምትሆንበት ጊዜ ነው። ብዙ ወንድሞቻችን ታክሲና ኡበር ይነዳሉ። አንድ ሹፌር በዓመት 80,000 ዶላር ገባልኝ ይላል። ታክሱን ስታየው ግን ማይሉን፣ ስልኩን፣ ጥገናውን ሁሉ ቀንሶ የቀረው 31,000 ነው። አበዳሪው የሚያየው የቀረውን ነው፤ አብዛኛውን ጊዜም የሁለት ዓመቱን አማካይ። ከማይሉ ቅናሽ ውስጥ የመኪናው እርጅና ድርሻ ተመልሶ የሚደመርበት ስሌት አለ፤ እርሱን ሳትሠራ አትመልሰው፣ ሥራህ ነው። ሠርተህም ካልደረሰ፣ አልደረሰም። ያኔ ወንድምህ ይቆጣል። «ሀብታም ቢሆን ታደርግለት ነበር» ይልሃል። አንዳንዱ ደግሞ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «አንተ እኮ ታውቃለህ፣ ትንሽ ወረቀት ብታስተካክልልኝ…» ይላል።

እዚህ ላይ አትመቻመች። ለብድር ብሎ በማመልከቻ ላይ የሐሰት ቃል ማስፈር የፌደራል ወንጀል ነው፤ እስከ 30 ዓመት እስራትና እስከ አንድ ሚሊዮን ዶላር ቅጣት ሊያመጣ ይችላል። ከዚያ በፊት ግን በእግዚአብሔር ፊት ነው። ደግሞም ያ ቤት በሐሰት ገቢ ቢገዛ፣ ክፍያው የሚከፈለው በእውነተኛው ገቢ ነው። ወንድምህን በ31,000 ገቢ የ80,000 ሰው ዕዳ አሸክመህ «ረዳሁት» ልትል ነው?

እንቢ ስትል ግን እንደ ጓደኛ በል። በሥርዓት የገባ ማመልከቻ ውድቅ ሲሆን አበዳሪው በ30 ቀን ውስጥ ለሰውየው በጽሑፍ ማሳወቅ አለበት። ያ ደብዳቤ በእንግሊዝኛ የተጻፈ፣ ደረቅ ነው። ደብዳቤው ከመድረሱ በፊት ደውልለት። የሚቻል ከሆነም ቤቱ ሂድ። በሚቀጥለው ዓመት ምን ቢለወጥ እንደሚያልፍ ቁጥሩን ጻፍለት።

አንድ ምሳሌ ልስጥህ። የዕቁብ ገንዘብ። ብዙ ባለሙያ «ዕቁብ አይቀበሉም» ብሎ ሰውን ይመልሳል። ኤፍኤችኤ በሚባለው የመንግሥት ዋስትና ባለው ብድር ግን በአባላት የሚተዳደር የቁጠባ ማኅበር ገንዘብ ለዳውን ፔይመንት ይታወቃል። የሚፈለገው ማስረጃ ነው፦ የዕቁቡ መዝገብ፣ የተከፈለበት ደረሰኝ፣ የገንዘብ ያዡ ማረጋገጫ። ስለዚህ ዛሬ እንቢ ያልከው ሰው ዕቁቡን በደብተር መያዝ ቢጀምር፣ የዛሬው እንቢታ ለነገ መንገድ ይሆናል። ሳያጣሩ እንቢ ማለት ግን ስንፍና ነው፤ እኛም እኮ ሰውን በከንቱ እንገፋለን።

አሁን ወደ እኛ ወደ አበሾች በሽታ ልምጣ፤ የዝምታ እንቢታ። ፈረንጁ «ኖ ታንክ ዩ» ይላል፣ ያበቃል። እኛ ግን «እሺ፣ ነገ እደውላለሁ» እንላለን፤ ያ ነገ አይመጣም። ሰው ፊት መንሳት ነውር መስሎን ስልክ እንዘጋለን። ከዚያ በኋላ እሑድ ስንተያይ በሌላ በር እንወጣለን። አንዳንዱማ ቤተ ክርስቲያን እስከ መቀየር ይደርሳል! ስለ ሩብ በመቶ ወለድ የተነሣ አንድ ቤተሰብ ከኅብረቱ ተነቀለ ማለት ነው።

ደንበኛ ለሆንክልኝ ወገን፣ ጌታ አዎን ቃላችሁ አዎን፣ አይደለም ቃላችሁ አይደለም እንዲሆን ያስተማረን ለዚህም ነው። ሁለት መስመር ጻፍለት፦ «ሌላ ጋ ወስነናል፣ ስለ ድካምህ ጌታ ይባርክህ።» ያምማል፤ ግን ሁለት ወር እንደ መጠበቅ አያምም።

ሎን ኦፊሰር ለሆንክ ደግሞ በሩን አንተ ቀድመህ ክፈት። በመጀመሪያው ቀን፣ ወረቀት ከመቀበልህ በፊት እንዲህ በል፦ «ከሌላም አወዳድሩ። ሌላ ቦታ ብትሄዱ ንገሩኝ፣ አልቀየማችሁም። እሑድ ቡና አብረን እንጠጣለን።» ከዚያም እሑድ ቡናውን ጠጣ። ኮሪደሩን ገበያ አታድርገው። ደንበኛ ለላከልህ ሰው ገንዘብ መክፈልም በ1974 በወጣው ሕግ የተከለከለ ነው፤ ሰጪው ወንድም፣ ተቀባዩ አገልጋይ ቢሆንም ያው ነው። «ለመባ ነው» ተብሎ አይሸፈንም።

ስለ ሳምራውያን የጀመርኩትን ልጨርስ። ምዕራፍ 9 ላይ ተገፋ። ምዕራፍ 10 ላይ አንድ ሕግ አዋቂ «ባልንጀራዬ ማን ነው?» ብሎ ጠየቀው። ጌታ ለምሳሌው ጥሩ ሰው አድርጎ የመረጠው ማንን ነው? ሳምራዊን! በቅርቡ ማደሪያ ከከለከለው ሕዝብ አንዱን። እኔ ብሆን ለዚያ ሚና ሌላ ሰው እፈልግ ነበር።

ዮሐንስስ? የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8ን ክፈት። ሰማርያ ቃሉን ተቀበለች ሲባል ከኢየሩሳሌም ሁለት ሰዎች ተላኩ፣ ጴጥሮስና ዮሐንስ። ያው እሳት እንጥራ ያለው ዮሐንስ። እጁን ጫነባቸው፣ መንፈስ ቅዱስንም ተቀበሉ። ሲመለሱም በብዙ የሳምራውያን መንደሮች ወንጌል ሰበኩ። ያ እንቢ ያለው መንደር ከእነዚያ አንዱ ይሁን አይሁን ቃሉ አይነግረንም። ግን አስበው፤ በዚያን ቀን የጠየቀው እሳት ወርዶ ቢሆን ኖሮ፣ በዚያ መንደር እጁን የሚጭንበት ሰው ከየት ያገኝ ነበር?

አሁን ስልክህን አንሣ። ዝም ያለህ አንድ ሰው አለ፤ ስሙን ታውቀዋለህ። እንዲህ ብለህ ጻፍለት፦ «ሰላም ወንድሜ። ስለ ቤቱ ጉዳይ ወስናችሁ ከሆነ ምንም አይደለም፣ መልስ መስጠት አይጠበቅብህም። ክሎዚንግ ላይ ያልገባህ ወረቀት ካለ ላክልኝ፣ አነብልሃለሁ። ለእናትህ ጤና እየጸለይን ነው።» የመጨረሻዋን የምትጽፋት በእርግጥ የምትጸልይ ከሆነ ብቻ ነው። ላከውና ስልኩን አስቀምጥ። እሑድ ስታገኘው ስለ ወለድ ሳይሆን ስለ እናቱ ጠይቀው።